ከባንኮኒው ጀርባ ክርስትናን መኖር፦ ለደሴ ቸርቻሪ ነጋዴ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በደሴ ከተማ፣ በፒያሳም ይሁን በሰኞ ገበያ ወይም በሆጤ፣ እህልና ሸቀጥ በኪሎና በሩብ ኪሎ እየመዘነ ለሚቸረችር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው። ማስቀደስ፣ መጾምና በዓል ማክበር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተደነገጉ ስለሆኑ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን፤ ሰኞ ጠዋት ባንኮኒው ጀርባ ስንቆም እምነታችን ምን እንደሚጠይቀን በግልጽ የሚነግረን ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔም ሥራውን ስጀምር የነገረኝ አልነበረም፤ የተማርሁት ከስሕተቴ፣ ከንስሐ አባቴ ምክርና ከደንበኞቼ ትዕግሥት ነው። ነጋዴ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ነገር ሲጠቃለል አራት ነው፤ ይመዝናል፣ ይናገራል፣ ያበድራል፣ ይቆጥራል። እምነቱም በሰው ፊት የሚታየው በእነዚህ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በአብዛኛው እነርሱን ተከትሎ ይሄዳል።

1. ሱቁን ከመክፈትዎ በፊት

ሱቅዎን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚከፍቱ ከሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡ። ታጥበው ወደ ምሥራቅ ይቁሙ፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» ብለው ካማተቡ በኋላ አቡነ ዘበሰማያትን፣ ጸሎተ ሃይማኖትንና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያድርሱ። ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ክፍፍሉ የታወቀ ነው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል። ሠላሳውን መዝሙር ለማድረስ ጊዜ የሌለው ሰው ከዕለቱ ድርሻ አንዱን ወይም ሁለቱን ቀስ ብሎ ቢያደርስ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ በጥድፊያ የተጨረሰ ሠላሳ መዝሙር ከአፍ አልፎ ልብ ጋ ሲደርስ አላየሁም።

አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ጸሎትዎን ሳይጨርሱ ስልክዎን አይንኩ። የጅምላ አከፋፋዩ ጠዋት ደውሎ የዘይት ዋጋ መጨመሩን ከነገረዎት በኋላ የሚደርሰው ጸሎት ስለ ዘይት ይሆናል።

2. ሚዛኑን በየቀኑ ይፈትሹ

በዚህ ክፍል ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም እግዚአብሔር በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ሕዝቡን ቅዱሳን ሁኑ ብሎ ባዘዘበት ቦታ ላይ ስለ እውነተኛ ሚዛንና ስለ እውነተኛ መስፈሪያም አዝዟል። ሚዛን የቅድስና ጉዳይ ነው ማለት ነው።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። ጠዋት ዕቃ ከመመዘንዎ በፊት የሚዛኑን ሳህን አንሥተው ላዩንም ሥሩንም በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ሚዛኑ የተቀመጠበት ቦታ እንደማይወላገድ በእጅዎ ጫን እያሉ ያረጋግጡ። ባለ ሁለት ሳህን ከሆነ ባዶውን ሁለቱ እኩል መቆማቸውን፣ ዲጂታል ከሆነ ደግሞ ዜሮ ማሳየቱንና ባትሪው አለመድከሙን ይመልከቱ። ቀጥሎ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የ1 ኪሎ የሚዛን ድንጋይ ጭነው ይፈትሹት። ድንጋይ ከሌለዎት ውኃ ይጠቅማል፤ ባዶውን ዕቃ መዝነው ክብደቱን ይያዙና በትክክል የተለካ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይጨምሩበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1 ኪሎ መሆን አለበት። ፌስታሉ፣ ካርቶኑ ወይም ጣሳው ከዕቃው ጋር አብሮ እንዳይሸጥ ክብደቱን አስቀድመው ይቀንሱ። በመጨረሻም ሚዛኑን ቁጥሩ ለደንበኛው እንዲታይ አድርገው ያዙሩት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በዚህ ስለበደልሁ ነው። በአንድ ክረምት ዘወትር ሩብ ኪሎ ምስር የሚገዙ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይቺ ሩብህ ሰሞኑን አነሰችብኝ» አሉኝ። ቅር አለኝና ሚዛኑን እያሳየሁ «እማማ፣ ይኸው እኩል ነው» አልኋቸው። ዝም ብለው ሄዱ። ማታ ግን ነገሩ አላስተኛ ስላለኝ በማግሥቱ ጠዋት የዕቃውን ሳህን ገለበጥሁት። ከሥሩ ዘይትና ዱቄት ተቀላቅሎ እንደ ቂጣ ተጋግሮ ደርቆ ነበር። በቢላዋ ፍቄ ስመዝነው 40 ግራም ያህል ሆነ። በዚያ ሳህን የመዘንሁት ሁሉ፣ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ 40 ግራም ጎድሎበት ነበር ማለት ነው። 5 ኪሎ ለሚገዛ ሰው ይህ ብዙም አይሰማም፤ ሩብ ኪሎ ለሚገዛ ግን ከ250 ግራም ላይ 40 ግራም፣ ማለትም ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ሩብ ኪሎ የሚገዛው ደግሞ ድኃው ነው። የሳህኑ ቆሻሻ የወሰደው ከማን እንደሆነ ሲገባኝ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አለቀስሁ።

ለንስሐ አባቴ ስናገር የሰጡኝ መመሪያ ለማንም ይጠቅማል፤ የማውቃቸውን ደንበኞች ይቅርታ ጠይቄ የጎደለውን እንድመልስ፣ የማላውቃቸውን ደግሞ በግምት አስልቼ ለድኆች እንድሰጥ አዘዙኝ። ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለም አስታወሱኝ። ለእኚያ እናት አራት እጥፉን ቤታቸው ድረስ ወሰድሁላቸው።

ምርቃትን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከተመዘነ በኋላ አንድ ጭብጥ መመረቅ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ ሚዛኑ ሙሉ ይሁን፣ ከዚያ ይመርቁ። አጉድሎ መዝኖ መመረቅ የሰውየውን ገንዘብ ለራሱ እንደ ስጦታ መስጠት ነው። ዕቃን ከባዕድ ነገር መቀላቀል፣ ማኛ ነው ብሎ ሰርገኛ መሸጥና ከጆንያው አፍ ጥሩውን፣ ከሥሩ ነቀዝ የበላውን ማስቀመጥ ከሚዛን ማጉደል የሚለዩ አይደሉም።

3. መሐላን ከገበያ ያውጡ

በእኛ ገበያ ስመ ቅዱሳን እንደ ሳንቲም ይመነዘራል። «ማርያምን ከዚህ አልወርድም»፣ «ሚካኤልን በኪሳራ ነው የምሰጥሽ» እንላለን፤ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ከዚያው ዋጋ ወርደን እንሸጣለን። በወር በ12 እና በ21 ሻማ ይዘን የምንሳለማቸውን ቅዱሳን በሌላው ቀን ለአሥር ብር ምስክር አድርገን እንጠራቸዋለን። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጭራሽ እንዳንምል ካዘዘ በኋላ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ያለው ለዚህ ነው።

ልማዱ ሥር የሰደደ ስለሆነ በአንድ ቀን አይተውም። የሚከተለው ረድቶኛል። አስቀድመው ለእያንዳንዱ ዕቃ የመጨረሻ ዋጋውን ይወስኑና በወረቀት ጽፈው ይለጥፉ፤ ዋጋው ከተጻፈ የሚያስምል ነገር ይቀንሳል። ደንበኛ ሲከራከርዎት የሚመልሱትን አንድ ዐረፍተ ነገር ያዘጋጁ፤ እኔ «እትዬ፣ ከዚህ በታች አያዋጣኝም፤ ሌላ ቦታ ረክሶ ካገኙ ይግዙ፣ አልቀየምም» እላለሁ። ከአፍዎ መሐላ ባመለጠዎት ቁጥር በጣሳ ውስጥ 5 ብር ይጣሉ፤ ቅዳሜ ማታ ጣሳውን ቆጥረው እሑድ በደጀ ሰላም ለተቀመጡ ነዳያን ይስጡት። በመጀመሪያው ሳምንት የእኔ ጣሳ ሞልቶ ነበር።

«አልቋል» የምትለውም ቃል ትፈተሽ። ስኳር ከጓዳ አስቀምጦ፣ ዋጋ እስኪጨምር ጠብቆ፣ ለእናት ልጅ «አልቋል» ማለት ሐሰትም ጭካኔም ነው። በተለይ በመስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል ሰሞን ከየአቅጣጫው የሚመጡ ምእመናን በከተማችን አልፈው ወደ አምባሰል ይሄዳሉ፤ ውኃ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ሻማ ይገዛሉ። ለመስቀሉ በረከት በእግሩ የሚጓዝን ሰው መንገድ ላይ ጠብቆ ዋጋ መጨመር ከግሸን የሚገኘውን በረከት አስቀድሞ መመለስ ይመስለኛል። በዚያ ሳምንት ዋጋዎን በነሐሴ በነበረበት ያቆዩት።

4. የዱቤ ደብተሩን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ይያዙት

«ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ» ብለን በየቀኑ የምንለምነው እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል ተናግረን ነው። ነጋዴ ይህን ቃል በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም፤ ዕዳ ያለባቸው ሰዎች ስም ዝርዝር በእጁ ነውና።

ሲጽፉ ሰውየው ፊት ለፊትዎ እያለ፣ ዕለቱን፣ ዕቃውንና ዋጋውን ለይተው ይጻፉ፤ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ያንብቡለት። የዱቤ ዋጋ ከእጅ በእጅ ዋጋ እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ለጠበቁበት ቀን የሚጨምሩት ብር ስሙ ምንም ይሁን ምን አራጣ ነው፤ ኦሪት ዘጸአትም በምዕራፍ 22 ለድኃ ያበደረ ሰው ወለድ እንዳይጭንበት ያዝዛል። ማበደር የማይችሉ ከሆነ «ዛሬ አልችልም» ብለው በእውነት ይንገሩት፤ ዕቃ የለም አይበሉ።

ሲያስታውሱ ለባለዕዳው ብቻ፣ ሌላ ደንበኛ በሌለበት ያስታውሱት። በሕፃን አፍ ዕዳ አይላኩ። አንድ ልጅ ሳሙና ሊገዛ ሲመጣ «ለአባትህ ያለበትን ይክፈል በለው» ያለ ነጋዴ ሁለት ሰው አዋርዷል፤ ልጁም ያን ቀን በዕድሜው ሁሉ አይረሳውም።

በየወሩ መጨረሻ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ከወጣ በኋላ፣ ደብተሩን ከፍተው በሦስት ይለዩት። መክፈል የሚችልና የረሳ፣ ቀስ እያለ የሚከፍል፣ ፈጽሞ የማይችል አለ። የመጀመሪያውን ያስታውሱት፤ ሁለተኛው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እንዲከፍል ይስማሙ። የሦስተኛውን ስም ደግሞ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ በጸሎትዎ እያነሡ ይቆዩና ከትንሣኤ በፊት ከአቅምዎ የሚችሉትን ያህል ይሰርዙ። የራስዎን ልጆች የሚያስርብ እስኪሆን አይሰርዙ፤ ከጅምላ አከፋፋዩ በዱቤ ያመጡት ዕቃ የሌላ ሰው ገንዘብ መሆኑንም አይርሱ፤ በሌላ ሰው ገንዘብ ቸርነት አይደረግም።

ከሰረዙ በኋላ ለባለዕዳው ይንገሩት። ይህን የማነሣው አንዲት ደንበኛዬ ለወራት ከማዶ ባለው ጠርዝ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ስታልፍ ካየሁ በኋላ ነው። 640 ብር ነበረባት። እኔ ዕዳውን በልቤም በደብተሬም ሰርዤ ስለነበር ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለእርሷ ግን አላለቀም፤ ዕዳው አሁንም በመንገድ ያስዞራት ነበር። ተሻግሬ «እታለም፣ ያ ነገር ከደብተሬ ከወጣ ቆይቷል፣ አብሽሪ» ስላት ቆማ አየችኝና መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቡና መግባቱን ነበር።

ይህን ምክር ለመስጠት የሚያደፋፍረኝ ሌላም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ሱቅ ተዘርፏል፤ የእኔም ከነደብተሩ ባዶ ሆነ። ስመለስ ማን ምን ያህል እንዳለበት የማውቅበት ወረቀት አልነበረኝም። ሰዎች ግን አንድ በአንድ እየመጡ «ጋሼ፣ እኔ ይህን ያህል አለብኝ» አሉኝ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ሱቁን እንደገና ያቆምሁበት የመጀመሪያው ጆንያ ምስር በዚያ ገንዘብ የተገዛ ነው።

5. የሠራተኛውን ዋጋ አያሳድሩ

ጆንያ ላወረደ ኩሊ ላቡ ሳይደርቅ ይክፈሉት፤ ሂሳቡን አስቀድመው ይስማሙ፤ ዝርዝር ብር የለኝም ብለው ወደ ነገ አያሳልፉት። ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ካለዎት ደመወዙን በተስማሙበት ቀን ይስጡት፤ ከእርስዎ ጋር ምሳ እንዲበላ ያድርጉ፤ እሑድ ለቅዳሴ ይልቀቁት። ሌላ የሚጨመር የለም፤ ማድረግ ብቻ ነው።

6. ሰዓታቱንና ጾሙን በሥራ መካከል ይጠብቁ

ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አራቱ፣ ማለትም 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓትና 11 ሰዓት፣ በሥራ ላይ እያለን ያልፋሉ። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን፣ በ6 ሰዓት ጌታ መሰቀሉን፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱን፣ በ11 ሰዓት ከመስቀል መውረዱን ያስቡ። ደንበኛ አቁሞ ረጅም ጸሎት ማድረስ አይገባም፤ ካማተቡ በኋላ በልብ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት በቂ ነው። ከምሳ በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ደግሞ አንድ ምዕራፍ ወንጌል ይነበባል።

በጾም ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ የሱቅ ፈተናው ቁጣ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው 8 ሰዓት ገደማ ላይ ራሱን ያመዋል፣ ጥቂት ነገር ያናድደዋል። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ከአከፋፋይ ጋር የሚደረግን የሂሳብ ክርክርና ዕዳ የማስታወስን ሥራ ጠዋት ይጨርሱ፤ ከሰዓት በኋላ መደርደሪያ ማስተካከልንና ዕቃ መቁጠርን የመሰለ ጸጥ ያለ ሥራ ይያዙ። የጾሙን ሰዓት በተመለከተ፣ ሕመም ወይም ከባድ ሥራ ካለብዎት በራስዎ ፈቃድ ሳይሆን የንስሐ አባትዎን ጠይቀው ይወስኑ።

7. ከጎረቤትዎ ጋር ቀን ይቀያየሩ

በደሴ ከክርስቲያን ሱቅ አጠገብ የሙስሊም ሱቅ መኖሩ የተለመደ ነው። ዓርብ ጎረቤቴ ሐጂ ለጁምዓ ሶላት ሲሄዱ ሱቃቸውን እኔ አያለሁ፤ እሑድ ጠዋት እኔ ሳስቀድስ ሰው ቢፈልገኝ እርሳቸው ይመልሱልኛል። ይህን ስምምነት በግልጽ ያድርጉት፤ በአደራ በተሰጠዎት ሱቅ ዕቃ ሲሸጡ በእርሳቸው ዋጋና በእርሳቸው ሚዛን ይሽጡ፤ ገንዘቡን ሳይቀላቅሉ ለብቻው አስቀምጠው ሲመለሱ ቆጥረው ያስረክቡ። በረመዳን በፊታቸው አይብሉ፤ ደግሰው ሲጠሩ የሚበሉት ሥጋ በእነርሱ ሥርዓት የታረደ እንዲሆን አስቀድመው ያስቡ። የቅሬያችሁ፣ ማለትም የዕድራችሁ፣ አባል ሲሞት፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይሁን፣ ሱቅዎን ዘግተው ይቅበሩ።

ከጎረቤት ጋር በዕቃ ማስቀመጫ ቦታም ሆነ በደንበኛ ከተቀያየሙ ቅዳሜ ማታ ሳይመሽ ይታረቁ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የተባልነው ለእሑድ ጠዋት ሳይሆን ለዋዜማው ይመስለኛል፤ ጠዋት ጊዜ አይበቃምና።

8. ማታ ሲቆጥሩ

አስራት ከሽያጭ ላይ ሳይሆን ከትርፍ ላይ ይወጣል። በምሳሌ ላስረዳ፤ በአንድ ወር 90,000 ብር ሸጠው፣ ለዕቃ መግዣ 76,000፣ ለኪራይ 5,000፣ ለደመወዝ 3,500፣ ለመብራት፣ ለመጓጓዣና ለግብር ከሚቀመጠው ጋር 1,500 ብር ቢያወጡ የሚተርፈው 4,000 ብር ነው፤ አስራቱም 400 ብር ይሆናል። ሌላ ወጪ ሳይነካው ትርፉ በታወቀበት ማታ በፖስታ ለይተው ያስቀምጡና ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንዎ በደረሰኝ ይክፈሉ። ምጽዋት ከአስራት ላይ አይቀነስም፤ ከራስዎ ድርሻ ይወጣል። በማያተርፉበት ወር አስራት የለም፤ ስለዚህ አይጨነቁ፤ ነገር ግን ኪሳራውን በትክክል ይቁጠሩት። ግብርዎንም በእውነተኛ ሂሳብ ይክፈሉ፤ ለደንበኛ የማይዋሽ እጅ በመዝገብ ላይ ቢዋሽ ያው አንድ እጅ ነው።

9. ወደ ንስሐ አባትዎ ሲቀርቡ

ብዙ ነጋዴ ንስሐ ሲገባ ጾም መሻሩን፣ መስከሩንና መጣላቱን ይናገራል፤ ስለ ሱቁ ግን ዝም ይላል፤ ሥራ ነው ብሎ ስለሚያልፈው። ከመቅረብዎ በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ «ሚዛን፣ ቃል፣ ዱቤ፣ ገንዘብ» ብለው ይጻፉና በእያንዳንዱ ሥር የሠሩትን ያስታውሱ። ለመናዘዝ የሚያፍሩበትን ከሁሉ አስቀድመው ይናገሩ። ቀኖናዎን ፈጽመው፣ የሚመለስ ገንዘብ ካለ መልሰው፣ ከዚያ ለቅዱስ ቁርባን ይዘጋጁ።

በዓመት አንድ ጊዜም የንስሐ አባትዎ ወደ ሱቅዎ መጥተው ጸሎት እንዲያደርጉ ይጥሯቸው። ጸበሉን ከረጩ በኋላ ወንበር አቅርበው ቡና ያስፈሉላቸው፤ ሚዛኑን ገልብጠው ሥሩን ያሳዩአቸው፤ የዱቤ ደብተሩንም አውጥተው እጃቸው ላይ ያኑሩት።